ለሬንጅፋይንደር ካሜራ እጅግ ሰፊ ሌንስ፦ 15 ሚሊ ይሻላል ወይስ 21?

ባለ 35 (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ያሉኝ ሬንጅፋይንደር ካሜራዎች (በሌንሱ ሳይሆን በተለየ መመልከቻ የሚታይባቸውና ርቀት የሚለካባቸው) ሁለት ናቸው፤ ላይካ ኤም 6፣ መመልከቻው 0.72 እጥፍ የሚያሳይ፣ ለጥቁርና ነጭ ፊልም፤ ላይካ ኤም 240 ደግሞ ለከለር። ሌንስ ግን አንድ ብቻ ነው፦ 35 ሚሊ ሱሚክሮን (የላይካ ሌንስ ነው፤ የሚሊው ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ አስፍቶ ያያል)። ከእሱ በጣም የሚሰፋ አንድ ሌንስ መጨመር እፈልጋለሁ። የማነሳው ሦስት ዓይነት ነው፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከውጭም ከውስጥም፣ የሐረር ጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ጥምቀት ላይ ደግሞ ሕዝብ መሀል ገብቶ ሰው።

ያገለገሉ ሆነው ዓይኔ ያረፈባቸው አራት ናቸው፦ የፎክትሌንደር 15 ሚሊ ኤፍ 4.5 የመጀመሪያው እትም (ኤፍ የብርሃን ቀዳዳው ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ፎክትሌንደር 21 ሚሊ ኤፍ 4፣ ዛይስ 21 ሚሊ ኤፍ 4.5፣ እና የሩስያው ሩሳር 20 ሚሊ ኤፍ 5.6።

ግራ የገባኝ ይህ ነው፦ 15 ልያዝ ወይስ 21? የ15ቱ ከሬንጅፋይንደሩ ጋር አለመያያዙ፣ ማለትም ፎከሱ በግምት መደረጉ፣ ምን ያህል ይጎዳል? አንድ ሌንስ ለሁለቱም ካሜራ ይሆናል? አሮጌዎቹን የመረጥኩት ዋጋ እንዲወርድልኝ ነው፤ በቂ ምክንያት ካለ ትንሽ እጨምራለሁ። «ካሜራውን ለውጥ» የሚለው መልስ ግን ይቅርብኝ።


የኋላ መስታወት (መላሽ)

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ፤ ሌላውን የሚወስነው እሱ ነውና። የዘረዘርካቸው አራቱም ለፊልም የተሠሩ ናቸው። ኤም 6 ላይ አንዱም አያሳፍርህም። ኤም 240 ላይ ግን፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ፣ አራቱም ያስቸግሩሃል።

ሬንጅፋይንደር ውስጥ ብድግ ቁጭ የሚል መስታወት ስለሌለ የሌንሱ ጀርባ ወደ ፊልሙ ተጠግቶ መግባት ይችላል። የድሮ ዲዛይነሮች በዚህ ተጠቅመው ከዲያፍራሙ (ከብርሃን ቀዳዳው) ፊትና ኋላ ሚዛናቸውን የጠበቁ፣ ቀጥ ያለውን መስመር ሳያጎብጡ የሚያሳዩ ትንንሽ ሌንሶች ሠሩ። የዛይስ ቢዮጎን፣ ሩሲኖቭ የነደፈው ሩሳር፣ የላይካ ሱፐር አንጉሎን የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ክፍያው ጥጉ ላይ ነው፤ የኋላው መስታወት በቀረበ ቁጥር ብርሃኑ የፍሬሙን ጥግ የሚመታው አጋድሎ ነው። ፊልም በዚህ ብዙም አይከፋም። ሴንሰር ግን በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ ደቃቅ ሌንስና የቀለም ፊልተር አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ኢንፍራሬድ የሚያስቀር መስታወት ተነጥፎበታል። አጋድሎ የመጣ ጨረር የራሱን ፒክስል ስቶ ጎረቤቱን ይነካል፤ በመስታወቱ ውስጥም ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ ጠርዝ ወደ ቀይ ሐምራዊ፣ ሌላኛው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ነጭ ግድግዳ ወይም ደመና ብታነሳ ወዲያው ታየዋለህ፤ ቅጠል በሞላበት ፎቶ ላይ ይደበቃል።

ከእጩዎችህ በዚህ በኩል የባሰው ዛይስ 21 ኤፍ 4.5 ነው። የሚያሳዝነው፣ መስመር ባለማጉበጥ ረገድ ከሁሉም የሚበልጠው እሱው መሆኑ ነው። ለኤም 6 ብቻ ቢሆን ክርክር ሳያስፈልግ እሱን በል እልህ ነበር። የመጀመሪያው 15 እና ሩሳሩ ይከተሉታል። ፎክትሌንደር 21 ኤፍ 4 ትንሽ ይሻላል እንጂ ንጹሕ አይደለም።

ለሁለቱም ካሜራ የሚሆን ከፈለግህ ጀርባቸው ራቅ ተደርጎ ከተነደፉት ውስጥ ምረጥ፦

ፎክትሌንደር 15 ሚሊ ኤፍ 4.5 ሦስተኛው እትም። 2015 ላይ የወጣ ነው። የመጀመሪያው፣ የ1999ኙ፣ 8 መስታወት በ6 ክፍል ነበር፤ ይኼኛው 11 በ9 ሆነ። ክብደቱም ከ105 ግራም ገደማ ወደ 247 ግራም ወጣ። ቀለሙ የተስተካከለው በዚህ ዋጋ ነው። ከሬንጅፋይንደሩ ጋር ይያያዛል፤ 58 ሚሊ ፊልተር ይቀበላል።

ፎክትሌንደር 21 ሚሊ ኤፍ 3.5። ትንሽ፣ ባለ 39 ፊልተር፣ የሚያያዝ። የኤፍ 4ቱ ተተኪ ነው።

ላይካ ሱፐር ኤልማር 21 ኤፍ 3.4 እና 18 ኤፍ 3.8፣ ዛይስ 18 ኤፍ 4። ሦስቱም ያምራሉ፣ ሦስቱም ከዋጋ ገደብህ ያልፋሉ።

እግረ መንገዴን፦ «አዳፕተር ገዝቼ ሶኒ ላይ አደርገዋለሁ» የሚል ሐሳብ ካለህ እነዚህን የፊልም ዘመን ሌንሶች ተዋቸው። ሴንሰሩ ላይ ያለው መስታወት ከላይካው በእጥፍና ከዚያ በላይ ይወፍራል። ቀለሙን ብታስተካክለው እንኳ ጥጉ እንደተቀባ ቅቤ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ደግሞ ሶፍትዌር አይመልሰውም።


ውሃ ልክ

15 ወይስ 21 የሚለው በስሜት ሳይሆን በሜትር የሚመለስ ነው። ፍሬሙ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አግድም ስትይዝ የሚገባልህ ስፋት ከርቀትህ ጋር ያለው ዝምድና ቋሚ ነው፦ በ35 ሚሊ ርቀትህን ያህል፣ በ28 ሚሊ የርቀትህን 1.3፣ በ21 ሚሊ 1.7፣ በ15 ሚሊ 2.4 እጥፍ።

ወደ ጀጎል እንውሰደው። ጀርባህን ግድግዳ አስደግፈህ ከበሩ 2 ሜትር ርቀሃል እንበል። 35ህ 2 ሜትር ግድግዳ ያሳይሃል፤ በሩ ብቻ ገብቶ ያልቃል። 21 ወደ 3.4 ሜትር ያሰፋዋል፤ በሩ፣ ደረጃው፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ይገባሉ። 15 ደግሞ 4.8 ሜትር ይይዛል፤ ግን የራስህን ጫማና የጎረቤትን የውሃ ጋን ጨምሮ። ለመተላለፊያ 21 ይበቃል የምለው ለዚህ ነው።

ሕንፃ ላይ ስሌቱ ይለወጣል። ካሜራውን ውሃ ልክ ጠብቀህ ስትይዝ ከዓይንህ ከፍታ በላይ የሚቀርልህ የፍሬሙ ግማሽ ብቻ ነው። ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ ግድግዳ፣ ካሜራውን አቁመህ ሳታንጋድድ ሙሉ ለማስገባት በ15 ሚሊ 9 ሜትር ገደማ መራቅ ይኖርብሃል፤ በ21 ሚሊ 12 ሜትር፣ በ28 ሚሊ 16 ሜትር። ቤተ ጊዮርጊስ ቁመቱ በዚህ አካባቢ ነው። ከጉድጓዱ ወለል ቆመህ ይህን ያህል መራቅ አትችልም፤ ወይ ወደ ላይ ታቀናለህ፣ ወይ ክፍሉን ታነሳለህ። ሁሉም የሚያውቀው የመስቀሉ ቅርጽ ከአፋፉ የሚታየው ነው፤ እሱን ለማንሳት ደግሞ የያዝከው 35 ይበቃል። ሰዎች ለላሊበላ ብለው 12 ሚሊ ገዝተው ጣራውን እንደ ብስኩት አሳንሰው ይመለሳሉ።

እጅግ ሰፊ ሌንስ ወደ ላይ ስታቀና ግድግዳው ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ስህተቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚጋነን ነው። በ35 ሚሊ የማይታወቅ የ2 ዲግሪ መንጋደድ በ15 ሚሊ ሙሉውን ቤት ያጋድላል። ሆት ሹ (በካሜራው አናት ያለው መሰኪያ) ላይ የምትሰካ ትንሽ ውሃ ልክ ግዛ። ችግሩ ኤም 6 ያለው አንድ ሆት ሹ ነው፣ እሱንም እጅግ ሰፊ ሌንስ የሚፈልገው የውጭ መመልከቻ ይይዘዋል። ለዚህ ፎክትሌንደር ሁለት መሰኪያ ያለው ማራዘሚያ ሠርቶ ነበር፤ ካገኘኸው አትለፈው። ኤም 240 በስክሪኑ ላይ የራሱ ውሃ ልክ ስላለው እዚያ አትጨነቅ።


ናስትሮ

ሁለቱም የመጀመሪያውን 15 ረገጡት፤ እኔ ልከራከርለት። አለመያያዙ ጉዳት የሚመስለው ለ35 ሰው ነው።

በኤፍ 8 ቀለበቱን 1 ሜትር ላይ ብታደርገው፣ ለፊልም በተለመደው መለኪያ ከግማሽ ሜትር ጀምሮ እስከ ማለቂያ የሌለው ርቀት ጥርት ይላል። በኤፍ 5.6 ወደ 1.4 ሜትር አውጣው፣ ከ70 ሳንቲም ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ ከፍተኸው፣ በ4.5፣ 1.7 ሜትር ላይ አድርገው፣ ከ85 ሳንቲም በኋላ ያለው ሁሉ ይገባል። የላይካው ሬንጅፋይንደር ራሱ ከ70 ሳንቲም በታች አይለካም። ታዲያ ምኑ ጎደለ?

ሌንሱ ላይ የተቀረጹት የጥልቀት መስመሮች የተሰሉት ለፊልምና ለመካከለኛ ፕሪንት መሆኑን ግን ልብ በል። በ24 ሜጋፒክስሉ 240 አጉልተህ ስታይ ያታልሉሃል። መላው ቀላል ነው፤ ሁለት ስቶፕ ገደማ ሰፋ ያለውን የዲያፍራም መስመር አንብብ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ዲያፍራሙ 8 ላይ ከሆነ የ4.5ቱን መስመር ተመልከት። ያን ጊዜ ቀለበቱ 2 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፣ ጥርቱም ከ1 ሜትር ትንሽ ወረድ ብሎ ይጀምራል።

ቀለበቱ ከቦርሳ ሲወጣ ቦታውን ይለቃል። ቁራጭ ጋፈር ቴፕ (ሙጫ የማይተው የጨርቅ ቴፕ) ለጥፍበት። የኤሌክትሪክ ናስትሮ አትጠቀም፤ ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና ቀለበቱ ውስጥ ይገባል።

አሁን ዋናው። የመጀመሪያው 15 በጥምዝ የሚገባ፣ ኤል 39 የሚባለው ነው፤ ወደ ላይካ ኤም መግጠሚያ ለመቀየር ልክ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አዳፕተር ያስፈልገዋል። ርካሹ አዳፕተር በ0.05 ሚሊ ቢወፍር ምን ይመጣል? በ50 ሚሊ ሌንስ፣ ማለቂያ የሌለውን ርቀት ላይ ስታደርገው በእውነቱ 50 ሜትር ላይ ያተኩራል፤ ማንም አያውቅበትም። በ21 ሚሊ 9 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ15 ሚሊ 4.5 ሜትር! ሌንስ ሲሰፋ የአዳፕተር ስህተት ይከፋል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያስባል። «ይሄ 15 ጥራት የለውም» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ አዳፕተሩ የወፈረበት ነው። በካሊፐር ሦስት ቦታ ለካው። ከዚያ 240 ላይ ግጠመውና በ4.5 ሩቅ ያለ የስልክ ማማ አጉልተህ እየው፤ ቀለበቱን ከማለቂያው ትንሽ ስትመልሰው ከጠራ አዳፕተሩ ቀጥኗል፤ እስከ መጨረሻው አዙረኸውም ካልጠራ ወፍሯል። የቀጠነው ሌላ ቦታ ላይ ምልክት በማድረግ ይታለፋል፣ የወፈረው ግን ይጣላል።


ቀይ መብራት

እንደ ናስትሮ ያሉ ሰዎች የጥልቀቱን ነገር እንጂ የብርሃኑን አይነግሩህም። በፊልሙ በኩል ያለውን ልጨምር።

ጥግ መጨለም። ከዲያፍራሙ ፊትና ኋላ ሚዛኑን የጠበቀ 21 ሚሊ ጥጉ ላይ ከመሀሉ ወደ 2 ስቶፕ ያንሳል፣ 15 ሚሊ ከ3 ስቶፕ በላይ። ይህ የማዕዘኑ ጣጣ እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ዲያፍራም ብታጠብ የሚሻሻለው ጥቂት ነው። ጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ ይችለዋል፤ ስታትሚ ጥጎቹን በእጅሽ ወይም በካርቶን ከልለሽ ብርሃን ትቀንሻለሽ፣ ያልቃል። (ለጠያቂው ነው፣ ወንድሜ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።) ስላይድ ፊልም (በቀጥታ ፖዘቲቭ ምስል የሚሰጥ) ላይ ግን 3 ስቶፕ ማለት ጥቁር ጥግ ማለት ነው። በነጋቲቭ ስታነሳ የብርሃን መለኪያው (ሜትሩ) ካለህ ግማሽ ስቶፕ ጨምረህ አንሳ፤ ያለበለዚያ በጥጉ ያለው ነጋቲቭ ባዶ ሆኖ ይወጣል።

ሜትር። ኤም 6 የሚለካው በመዝጊያው መጋረጃ ላይ ካለ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ክብ ነው፤ የፍሬሙ ቁመት ግማሽ ማለት ነው፣ የትኛውንም ሌንስ ብትገጥም። በ35 ሚሊ ያ ክብ አንድ ሰው ይይዛል። በ15 ሚሊ ሰውም፣ መንገዱም፣ ሰማዩም ይገባበታል። ስለዚህ ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገህ ለካ፣ ቁጥሩን ያዝ፣ ከዚያ ቀና ብለህ አንሳ። ጥምቀት ላይ ደግሞ ነጭ ነጠላና ጋቢ ክቡን ሲሞላው ሜትሩ ያጨልምብሃል፤ ከ1 እስከ 1.5 ስቶፕ ጨምር፣ አለዚያ ፊት አይታይም። ያገለገለ ሱፐር አንጉሎን ቢያቀርቡልህም ይህን አስብ፤ ጀርባው ገብቶ ብርሃኑን ስለሚጋርድ ኤም 6 በእሱ በትክክል አይለካም።

ፊልተር። የመጀመሪያው 15 የፊልተር ጥርስ የለውም፤ ጥላ መከላከያው አብሮት የተሠራ ነው። ጥቁርና ነጭ ለሚያነሳ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሰማዩ ያለ ፊልተርም ጠቆር ይላል። ቢጫ ይበቃል። ቀይ ብታደርግ፣ በሌንሱ የጥግ ጨለማ ላይ ተደርቦ ሰማዩ ቀለም እንደፈሰሰበት ይሆናል። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) ደግሞ ከ28 በታች አትንካ፤ ከፀሐይ 90 ዲግሪ ያለውን ሰማይ ብቻ ስለሚያጨልም፣ 100 ዲግሪ በሚያይ ሌንስ ላይ መሀሉ ላይ ጥቁር ቀበቶ ይሠራል።

ከውስጥ ማንሳት። ሜትሩ በ400 ፊልም፣ በኤፍ 4፣ ግማሽ ሰከንድ የሚልበትን ቤተ መቅደስ አስብ። ሩሳርህ በ5.6 አንድ ሰከንድ ይፈልጋል። 15ቱ በ4.5 ከግማሽ ሰከንድ ይበልጣል። 21 ኤፍ 3.5 ሰከንዱን ወደ 0.4 ገደማ ያወርደዋል። ኤፍ 2.8 ቢሆን ሩብ ሰከንድ፣ 21 ኤፍ 1.8 አልትሮን ቢሆን አንድ አሥረኛ። በእጅ የሚያዘው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ትልቅና ከባድ ነው። ለሌሎቹ ፊልሙን ወደ 1600 ገፍተህ እጠበው፣ ወይም ካሜራውን ወለል ላይ አስቀምጥ። ኤም 6 ሰዓት ቆጣሪ የለውም፣ የሽቦ መልቀቂያ ያዝ። ትሪፖድና ፍላሽ የሚፈቀደውን አስቀድመህ ጠይቅ። ድንጋይ ዓምድ መደገፍ ይቻላል፤ ሥዕል ያለበትን ግድግዳ ግን በፍጹም።


ባለ 35

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ የኋላ መስታወት፣ ዛይሱን ከዝርዝሬ አውጥቼዋለሁ፤ ሩሳሩንም እንዲሁ። እህቴ ቀይ መብራት፣ የሜትሩን ነገር በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም።

የቀረኝ የሕዝቡ ጉዳይ ነው። 15 ከገዛሁ የውጭ መመልከቻ ግድ ነው? ለ21ስ? እና በርካሽ የተገኘውን የመጀመሪያውን 15 ለ240 በሶፍትዌር ማዳን ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?


ዳር ቆሞ

የሕዝቡን እኔ ልመልስ። የኤም 6ህ የውስጥ መመልከቻ ፎቶው የሚይዘውን የሚያሳይ የፍሬም መስመር ያለው እስከ 28 ብቻ ነው። 21 ስትገጥም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣልህ የ28 እና የ90 መስመር ነው። ከ28ቱ ውጭ ያለውን የመስታወቱን ዳር ሁሉ ብታይ እንኳ ወደ 24 አካባቢ ይቆማል። ስለዚህ ለ21 መመልከቻ ባይኖርህ፣ ከምታየው ትንሽ ሰፋ ብሎ እንደሚወጣ አውቀህ መሥራት ትችላለህ፤ ሕዝብ መሀል ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያነሳው። ለ15 ይህ አይሠራም። ያለ ውጭ መመልከቻ ዓይነ ስውር ነህ። 240 ላይ በስክሪኑ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መመልከቻው ታያለህ፣ ግን በጥር ፀሐይ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ሥራ አይደለም።

የውጭ መመልከቻው ከሌንሱ በላይ ስለሚቀመጥ ቅርብ ያለውን ያስታል። 1 ሜትር ላይ ያለ ሰው መመልከቻው ውስጥ አናቱ ሞልቶ ይታይሃል፣ ፎቶው ላይ ግን ፍሬሙ ዝቅ ብሎ አናቱ ተቆርጦ ይወጣል። ከ1.5 ሜትር በታች ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ላይ አስተካክል። ከፍ አድርገህ ውሃ ልክህን እንዳታጣ ደግሞ እጅህን አንሳ እንጂ ሌንሱን አታቅና።

ዋናው ነገር ግን ፊት ነው። ሰፊ ሌንስ ክብ ነገርን ወደ ጠርዝ ሲወስደው ይለጥጠዋል፤ ይህ የሌንሱ ጥራት ጉዳይ አይደለም፣ ሉል በጠፍጣፋ ላይ ሲነጠፍ የሚመጣ ነው። በ21 ሚሊ በግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ያለ ራስ ከቁመቱ 1.3 እጥፍ ይሰፋል። በ15 ሚሊ ከ1.5 እጥፍ በላይ፤ ጥጉ ላይ ደግሞ 1.75። ዲያቆን ጥላ ይዞ ጠርዝ ላይ ቢቆም ጥላውም ዲያቆኑም እንቁላል ይሆናሉ። ሰውን በመሀለኛው ግማሽ ያዝ፣ ጠርዙን ለግድግዳ፣ ለመሬት፣ ለጨርቅ ተወው። ሕዝብ መሀል ግን ጠርዙ ላይ ማን እንደሚቆም አንተ አትመርጥም። ለጥምቀት 15 አይሆንም የምለው በዚህ ነው፤ ናስትሮ ይቅር ይበለኝ።

ደግሞ ጣትህ። በ15 ግራ እጅህ እንደለመደው ሌንሱን ከሥር ሲደግፍ ጣት ይገባል፤ የካሜራው ማንገቻም ይገባል። እጅህ ከካሜራው አካል ሥር ይሁን።


ናስትሮ

ይቅር ብያለሁ። ለጥምቀት 21 ይያዝ፤ እኔ የተከራከርኩት ለድንጋይ ነው።


የኋላ መስታወት

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፦ ቀለሙ ይድናል፣ አሰልቺ ነው እንጂ። ለጥቁርና ነጭ ከሆነ ጭራሽ አትጨነቅ፤ ስትቀይረው ቀለሙ ይጠፋል፣ የሚቀረው የጥግ ጨለማ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ካሜራው ውስጥ ሞክር። ሌንሱ ካሜራው የሚያነበው ኮድ ከሌለው፣ 240 የሌንሱን ዓይነት በሜኑ እንድትመርጥ ይፈቅዳል። ነጭ ግድግዳ አንስተህ፣ ከዝርዝሩ ያሉትን የ21 እና የ18 ሌንሶች አንድ በአንድ እየመረጥክ ድገመው፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ቀለሙን ያቀርበዋል። ስሙ ከሌንስህ ጋር ባይገጥም ግድ የለም።

ያ ካልበቃ ባዶ ፍሬም ታነሳለህ። 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ነጭ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ከማስታወቂያ ሠሪዎች ቁራጭ ለምን። ፎቶውን ባነሳህበት ዲያፍራምና ተመሳሳይ ርቀት ላይ፣ አክሪሊኩን ሌንሱ አፍ ላይ ልጥፍ አድርገህ፣ ፀሐይ ወደሌለበት ሰማይ አቅና። ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) መሀል ላይ ይቁም፤ ቀኝ ጫፍ ከነካ ፍሬሙ ዋጋ የለውም። ጥሬ ፋይል (ራው) ይሁን። ከዚያ በላይትሩም ክላሲክ (የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር) ፎቶዎቹንና ባዶውን ፍሬም አብረህ መርጠህ፣ ላይብረሪ ሜኑ ውስጥ ፍላት ፊልድ ኮሬክሽን የሚለውን ተጫን። አዲስ ፋይል ይሠራልሃል፤ ቀለሙንም ጨለማውንም አንድ ላይ ያነሳዋል። በዲያፍራም ልዩነት አንድ አንድ ባዶ ፍሬም ያስፈልጋል፤ የኤፍ 8ቱን ለ4.5 ብትጠቀም ሌላ ዓይነት እድፍ ትጨምራለህ።

ጥጉ 3 ስቶፕ ሲነሳ ግን ቅንጣቱም አብሮ ይነሳል። በኢሶ 1600 ያነሳኸው የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥጉ ከመሀሉ የሻከረ ይሆናል። ይህን አስልተህ ወስን።

የትኛውንም ያገለገለ ብትገዛ፦ የኋላውን መስታወት ከፊተኛው በበለጠ ፈትሽ። ፊት ላይ ያለ ጭረት ብዙም አይታይም፤ ጀርባ ላይ ያለ፣ በተለይ ወደ ፊልሙ በሚጠጉት ላይ፣ እንደ ጥላ ይወጣል። ሩሳርንና መሰሎቹን በተራ የኋላ ክዳን የሸጠልህ ሰው መስታወቱን አስነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ጥልቅ ክዳን ነው የሚፈልጉት። በስልክ መብራት ከጀርባ አብርተህ የሻጋታ ክር መኖሩን እይ። ፎከስ ቀለበቱ ወደ ጎን መንቀጥቀጥ የለበትም፤ በ50 ሚሊ የሚታለፍ ልቅነት እዚህ ከላይ ናስትሮ ባሰላው ስሌት ይመጣብሃል።


ባለ 35

ቆርጫለሁ፦ ፎክትሌንደር 21 ኤፍ 3.5፣ ለሁለቱም። ውሃ ልኩን ለብቻ፣ መመልከቻውን ለጊዜው አልገዛም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የሱሚክሮኔ ቢጫ ፊልተር 39 ነው፤ እዚህም ላይ ያለ ችግር ይገባል?


ቀይ መብራት

ይገባል፤ ለብቻው እስካደረግከው ድረስ። መከላከያ ፊልተር ላይ ቢጫውን ደርበህ አትሰር፣ ጥጉን ይቆርጠዋል። መቁረጡን ለማወቅ 240 ላይ ግጠመውና በኤፍ 11 ሰማይ አንሳ። ሌንሱ ራሱ የሚያመጣው ጨለማ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ነው፤ የፊልተር ቀለበት ከሆነ በጠባብ ዲያፍራም ጥጉ ላይ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ጠርዝ ታያለህ። እንዲያ ካየህ ቀጭን ቀለበት ያለውን ቢጫ ፈልግ።